«ደም ማቅጠኛ» የሚባለው ኪኒን ደም አያቀጥንም!

ቆይ፣ ገጹን አትገልብጡት! አውቃለሁ... «የአንገት ደም ስር» የሚል ነገር ስታዩ «ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ወደ ፍቅር ጥያቄዎቹ ወይም ወደ ስፖርቱ ልትነጉዱ ነበር። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አንገት እንዳለኝ ትዝ የሚለኝ ሸሚዝ ስገዛ ብቻ ነበር።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እቤታችሁ ውስጥ የአባታችሁን ኪኒን ከፋርማሲ የሚያመጣው ማነው? ወረቀቱን አንብቦ «ይሄኛው ጠዋት፣ ያኛው ማታ» የሚለው ማነው? ጎረቤት ምክር ይዞ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ «እውነት ነው» ወይም «ውሸት ነው» ብሎ የሚፈርደውስ? እናንተ አይደላችሁም? በሉ እንግዲያው ወሬው የእናንተ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው። የማንንም ስም አልጠራም። የአባቴንም፣ የሐኪሙንም፣ የጎረቤታችንንም። እኔንም ባታውቁኝ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል።

መጋረጃው ወረደ

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ቀኑ እሁድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ። አባቴ (እኛ ቤት «አባዬ» ነው የሚባለው) ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሲሆን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። የእጅ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት የገባ ነው የሚመስለው። የእድሩን መዝገብ ዘርግቶ የወር መዋጮ እየመዘገበ ሳለ ድንገት እስክሪብቶውን አስቀመጠና ግራ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ገለጠው። ደግሞ ሸፈነው።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«እኔ እንጃ... ግራ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደብኝ። ከላይ ወደ ታች፣ ጥቁር መጋረጃ።»

አምስት ደቂቃም ሳይሞላ መጋረጃው ተነሳ። እናቴ «ምች ነው፤ ትናንት ለቀብር ፀሐይ ላይ ቆመህ ውለህ» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። እኔ ደግሞ «መነጽሩን ቀይረው፣ ካንተ በፊት እሱ ጡረታ ወጥቷል» ብዬ ቀለድኩ። ሁላችንም ሳቅን።

ረቡዕ ማታ ቡና እየጠጣን ስኒው ከቀኝ እጁ አምልጦ ወደቀ። አባዬ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። አፉ በአንድ ወገን ዘመም አለ። አስር ደቂቃ ያህል... በሕይወቴ እንደዛ ረጅም አስር ደቂቃ አላየሁም። ከዛ ምላሱ ተፈታና «ምን ሆኜ ነው?» አለ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ወሰድነው።

በአንገታችን የሚያልፈው መንገድ

ያገኘናቸው ሐኪም ረጋ ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ታየ፤ ደም አልፈሰሰም። አንገቱን በማዳመጫ አዳመጡት። በነጋታው ደግሞ በአልትራሳውንድ ታየ። ከዛ ወረቀት አወጡና ሳሉልን።

እናንተም ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ ጎን በቀስታ አሳርፉ (አንዱን ጎን ብቻ፤ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትጫኑ!)። የሚመታው ነገር ተሰማችሁ? ካሮቲድ የሚባለው ደም ስር ነው። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ አለን። ከመንጋጋችን ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ፊታችን፣ ሁለተኛው ወደ አንጎላችንና ወደ ዓይናችን ይሄዳል። እዚያች መገንጠያ ላይ ነው ችግሩ የሚወደው። ለዓመታት ስብ፣ ጠባሳና ኖራ መሰል ነገር ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠበዋል። የሚያጣድፉት ደግሞ የታወቁ ናቸው፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና... ሲጋራ።

«የግራ ዓይናቸውና የቀኝ እጃቸው ነገር ሁለት በሽታ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፋተኛው አንድ ነው» አሉን ሐኪሙ። ግራው ካሮቲድ የግራ ዓይንንና የግራ አንጎልን ይመግባል። የግራ አንጎል ደግሞ ቀኝ እጅን ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ንግግርንም። ከጠበበው ቦታ ላይ የረጋ ደም ፍርፋሪ ተነስቶ ወደ ዓይን ሄደ፤ መጋረጃ ወረደ። ሌላ ፍርፋሪ ወደ አንጎል ሄደ፤ ስኒ ወደቀ። ፍርፋሪው ሟሙቶ ሲያልፍ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ይሄ መጥቶ የሚሄድ ስትሮክ ነው።

ቀጥለው ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «መምጣት የነበረባችሁ እሁድ ዕለት ነበር። ማለፉ ደህንነት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ በኋላ ዋናው ስትሮክ እንዳይመጣ በጣም የሚፈራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው።»

እኔ የመነጽር ቀልዴ ትዝ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም?» ብዬ ጠየቅሁ። እሱም የራሱ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። ምልክት ያሳዩና ደም ስራቸው ከ70 በመቶ በላይ የጠበበ ሕመምተኞች በመድኃኒት ብቻ ሲታከሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው 26ቱን በዚያው ወገን ስትሮክ አገኛቸው። ቆሻሻው በቀዶ ጥገና ከተጠረገላቸው መሀል ግን 9ኙን ብቻ። ስለዚህ በጣም ለጠበበበትና ምልክት ላሳየ ሰው ቀዶ ጥገናው ሕይወት ነው። ከግማሽ በታች ለጠበበበት ግን ጥቅም አላሳየም። የአባዬ ጥበት ከግማሽ በታች ነበር። ስለዚህ ዕጣው ኪኒን ሆነ፦ አስፕሪን በትንሽ መጠን፣ ክሎፒዶግሬል የሚባል ሌላ ኪኒን ለ21 ቀን ብቻ፣ አቶርቫስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ የደም ግፊት ኪኒን። ሲጋራ ካለ ደግሞ በዚያው ዕለት ማቆም። (አባዬ አያጨስም። እኔ ግን አጨስ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሉ ለምን እኔን እንዳዩኝ አላውቅም!)

እድሩና ጡሩንባው

ፋርማሲ ስንሄድ ልጅቷ አስፕሪኑን እያቀበለችን «ይሄ የደም ማቅጠኛ ነው» አለች። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለው። በዚህች አንዲት ስም ምክንያት ነው እንግዲህ ቤታችን የታመሰው።

እናቴ «ደሙ ከቀጠነማ ይደክማል!» ብላ ቀይ ስርና ጉበት ማብላት ጀመረች። ጎረቤታችን ደግሞ (እትዬ ልበላቸው) የልብ ቫልቫቸው የተቀየረ ሴት ናቸው፤ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። እሳቸውም «ደም ማቅጠኛ» ነው የሚሉት። ሊጠይቁን መጥተው የአባዬን ኪኒን አገላብጠው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ለኔ ደሜ በየጊዜው ይለካል። ጎመን ተጠንቀቂ ተብያለሁ። ያንተን አባት አንድ ፍሬ አስፕሪን ሰጥተው ሸኙት? ሸውደዋችኋል ልጄ! ከኔ ጥቂት ፍሬ ውሰድለት» አሉኝ። ከልባቸው ነው፤ ደግ ሴት ናቸው። ኪኒኑን አልወሰድኩም። ጎመን ግን ለሦስት ወር ከቤታችን ጠፋ። አባዬ ጎመን በጣም ይወዳል፤ ምስኪን!

ነገሩ የተገለጠልን ለቀጠሮ ተመልሰን ስንሄድ ነው። ሐኪሙ አባዬን «እርስዎ የእድር ጸሐፊ ነዎት አይደል? እንግዲያው በእድር ላስረዳዎት» አሉት።

በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። እነሱ የእድሩ አባላት ናቸው። ደም ስር ሲቆስል ቀድሞ የደረሰው ጡሩንባ ይነፋል፤ «ኑ! እዚህ ቁስል አለ!» ይላል። ሌሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ተያይዘው ቁስሉን ይደፍናሉ። ጣት ሲቆረጥ ይሄ መድኃኒት ነው። አንገት ውስጥ ባለ የሻከረ ጠባብ ቦታ ላይ ሲሆን ግን ያለ ለቅሶ እድር መጥራት ነው፤ ተሰብስበው መንገድ ይዘጋሉ።

አስፕሪን ደሙን እንደ ወጥ ውሃ ጨምሮ አያቀጥነውም። የሚያደርገው ጡሩንባውን መቀማት ነው! ክሎፒዶግሬል ደግሞ የሌላ ጥሪ እንዳይሰሙ የአባላቱን ጆሮ ይደፍናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ በመጀመሪያዎቹ አስጊ ሳምንታት የበለጠ ይከላከላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቻይና የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ አብረው ሲወሰዱ ግን የመድማት አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ለዛ ነው 21 ቀን ብቻ የተባለው።

ዋርፋሪንስ? እሱ ጡሩንባውንም አባላቱንም አይነካም። የሚሄደው ወደ ገመዱ ነው። የተሰበሰበው ደም ጠንክሮ እንዲረጋ የሚያስሩት ፕሮቲኖች አሉ፤ የድንኳኑ ገመድ በሏቸው። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹን ጉበት የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ሞልቶታል። ዋርፋሪን ያንን ሥራ ያደናቅፋል፤ ጎመን ሲበዛ መልሶ ያግዛል። የጎመኑ ምስጢር ይሄው ነው! ለእትዬም ቢሆን ዋናው ነገር መጠኑን ከሳምንት ሳምንት ማመጣጠን እንጂ ጎመንን ጨርሶ መርገም አይደለም። አስፕሪን ግን ከጎመን ጋር ምንም ጠብ የለውም። አባዬ ይህን ሲሰማ እናቴን ያያት አስተያየት... እናንተ ብታዩት!

ደም ቆሞ በሚያቁርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ምቱ በተዛባ ልብ ውስጥ ወይም በብረት ቫልቭ ዙሪያ፣ ገመዱን የሚይዝ መድኃኒት ያስፈልጋል። ደም በፍጥነት እየሮጠ በሻከረ ግድግዳ ላይ በሚጋጭበት ጠባብ ደም ስር ግን ዋናዎቹ ጥፋተኞች ፕላትሌቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ የወጣ፣ ከ2000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ስትሮካቸው ከልብ ላልመጣ ሕመምተኞች ዋርፋሪን ከአስፕሪን እንደማይበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ የእትዬ ኪኒን ለእትዬ ነው፣ የአባዬ ለአባዬ። «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም አንድ ስላደረጋቸው አንድ አይሆኑም።

ከማስቲካና ከላም

የሁለቱ መድኃኒቶች አመጣጥ ራሱ ለየቅል ነው፤ ስሙት፣ ደስ ይላል።

አስፕሪን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ለራስ ምታትና ለትኩሳት። ከብዙ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ላውረንስ ክሬቨን የሚባል ሐኪም ቶንሲላቸውን ያወጣላቸው ሰዎች ከልክ በላይ ሲደሙ አየ። ለምን ቢል ለሕመማቸው አስፕሪን ያለበት ማስቲካ እያኘኩ ነበር! «ይሄ ነገር ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ከሆነ ለልብና ለአንጎልስ?» ብሎ በ1950ዎቹ ጻፈ። የሰማው አልነበረም። አስፕሪን እንዴት እንደሚሠራ ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ በ1971 ደረሰበት፤ በ1982 ኖቤል ተሸለመበት። በ1978 ደግሞ የካናዳ ሐኪሞች እንደ አባዬ መጥቶ የሚሄድ ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ሞክረውት እንደሚጠቅም አሳዩ።

ዋርፋሪን ከላም ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን አንድ ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር የሞተች ላምና በባልዲ የማይረጋ ደም ጭኖ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ላሞቹ የተበላሸ ድርቆሽ በልተው ነበር። ካርል ፖል ሊንክ የሚባል ኬሚስት ከዚያ ድርቆሽ ውስጥ ደም የሚያፈሰውን ነገር ለይቶ አወጣ፤ የእሱ ዘመድ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የወጣው... ለአይጥ መርዝ! ለሰው የተፈቀደው በ1954 ነው። በዓመቱ ልባቸውን ለታመሙት ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ታዘዘ። በትክክል ተለክቶ ሲወሰድ ሕይወት ያድናል፤ ከጎረቤት ተለቅሞ ሲወሰድ ግን ወደ መጀመሪያ ሥራው ይመለሳል።

ጥፋቴ

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ስሸሸው ነበር።

መጋቢት ላይ አባዬ ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ደማ። ክንዱ ላይም ግጭቱን የማያስታውሰው ሰማያዊ ምልክት ወጣ። አምስት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም ነበር፤ ስኒ አልወደቀም፣ መጋረጃ አልወረደም። እኔ ስልኬን አውጥቼ «አስፕሪን፣ መድማት» ብዬ አነበብኩ። የሚያስፈራ ነገር ሞልቷል። እና እንደ ፕሮፌሰር ተኮፍሼ «አባዬ፣ ደምህ ከልክ በላይ ቀጥኗል። ደህና ሆነሃል እኮ፤ ለትንሽ ጊዜ እረፍት ስጠው» አልኩት።

የእድር ምሳሌውን ሰምቻለሁ አይደል? ሰምቻለሁ። ደም ሳይ ግን ስሙ አሸነፈኝ። «ማቅጠኛ» የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም ነበር።

አባዬ አልተከራከረኝም። «የተማረው ልጄ ካለ» አለ። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜ ልኩን ጡሩንባ አይነፋም፤ ግን ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው። ሰውነት በየቀኑ አዳዲሶቹን ይተካል። ኪኒኑ ከቆመ ሳምንት ሲያልፍ እድሩ በሙሉ ጡሩንባውን አስመልሷል ማለት ነው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ቀኝ እጁ እምቢ አለው። አፉ ዘመመ። እናቴ «ያንን ኪኒን አምጣ!» ብላ ጮኸች። እኔም ሁለት ፍሬ አስፕሪን በእጄ ይዤ በሌላው እጄ ውሃ አቀረብኩለት። የመጀመሪያው ጉንጭ ውሃ ትን አለው። ያ ትንታ ነው ያስቆመኝ። ጥለን ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ያለ ትንታው ሁለተኛ ጥፋት ሠርቼ ነበር። ለምን? ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነውና። አንዱ ደም ስር ሲዘጋ፣ ሌላው ሲፈነዳ ነው። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ለፈነዳው አስፕሪን መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ደግሞም ስትሮክ የያዘው ሰው መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ኪኒኑም ውሃውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እቤት ውስጥ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ሰዓቱን ማየትና መሮጥ ብቻ።

በዚህኛው አስር ደቂቃ አልሆነም። ዘጠኝ ቀን ተኛ። ንግግሩ ተመለሰ፤ እግሩ ደህና ነው። ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሐኪሙን በር ላይ ጠብቄ ጠየቅኋቸው። «እኔ ነኝ ያስቆምኩት። እኔ ነኝ ይሄን ያመጣሁት?»

ዝም ብለው አዩኝ። «ባያቆሙም ሊመጣ ይችል ነበር። ኪኒኑ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ማንም 'አንተ ነህ' ሊልህ አይችልም» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ግን ስልክ ነበረህ አይደል? ጎግልን ከምትጠይቅበት እኔን ብትጠይቀኝ አይሻልም ነበር?» አሉ። ድዱስ? የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ የተጠራቀመ የጥርስ ቆሻሻ ነበረበት። ታጠበ፤ ሻል አለው።

የምትጠይቁኝ ነገር

ይሄን ታሪክ የሰሙ ጓደኞቼ ሁሉ የየቤታቸውን ኪኒን ይዘው ይጠይቁኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተነገረኝን ላካፍላችሁ።

«ደም ካየንስ ምን እናድርግ?» የድድ ትንሽ ደም ወይም ቶሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ምልክት የሚያስደውል ነው እንጂ የሚያስቆም አይደለም። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ አልቆም ያለ ነስር ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካለ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ነው። አስፕሪን ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ የጨጓራ ቁስለት የነበረበት ሰው ገና ሲታዘዝለት መናገር አለበት።

«ጨጓራውን ኦሜፕራዞል ብንሰጠውስ?» ከአስፕሪን ጋር ሐኪም ብዙ ጊዜ የጨጓራ መከላከያ ያዝዛል። ክሎፒዶግሬል ለሚወስድ ሰው ግን ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ጉልበት ይቀንሳል፤ ሌላ የሚመረጥ አለ። ስለዚህ ራሳችሁ አትግዙ።

«ራሱን ሲያመው አይቡፕሮፌን ይውሰድ?» ተጠንቀቁ! አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከገባ የአስፕሪኑን ቦታ ይይዝበትና ሥራ ያስፈታዋል፤ ጨጓራውንም ይጨምርበታል። ለእኛ ፓራሲታሞል ነው የተነገረን።

«ጥርሱን ሊነቀል ነው፤ እናቁም?» አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆም ይነቀላል፤ ደሙን የሚያቆሙበት መላ አላቸው። የጥርስ ሐኪሙ ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ለሌላም ቀዶ ጥገና ይቁም አይቁም የሚለውን የሚወስነው ኪኒኑን ያዘዘው ሐኪም ነው።

«ጾም ሲሆንስ?» አባዬ በጾም እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። በባዶ ሆዱ ላለመዋጥ ብዙ ቀን ሲዘለው ደርሰንበታል። ለሐኪሙ ስንነግራቸው ሳቁና ወደ ማታ፣ ከራት በኋላ አዛወሩት። ይኸው ነው፤ ብትነግሯቸው መላ አለው።

«እኔስ ለጥንቃቄ በየቀኑ አንድ አንድ ብውጥ?» አይሆንም! ጤነኛ የሆኑ ከ19,000 በላይ አረጋውያን በአውስትራሊያና በአሜሪካ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አስፕሪን በጤና የሚኖሩበትን ዕድሜ እንዳላራዘመላቸው፣ መድማትን ግን እንደጨመረባቸው አሳይቷል። ጡሩንባው ለእናንተ ያስፈልጋችኋል፤ አታስቀሙት። ለአንገታችሁ ማሰብ ከፈለጋችሁ ሲጋራውን ጣሉ፤ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። እኔ ጥያለሁ። (አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አልዋሽም።)

«ደህና ከሆነ እስከ መቼ ነው የሚውጠው?» እኔን ጉድ የሠራኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ራስ ምታት ሲይዘን ኪኒን ውጠን ሲሻለን እናቆማለን፤ ኪኒን ማለት ያ ይመስለናል። ይሄኛው ግን የጠበበውን ደም ስር አያሰፋም፤ ምንም ነገር «እንዲሻለው» አያደርግም። ሥራው አንድ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነው። ስለዚህ ሲሠራ ምንም አይታይም፣ ምንም አይሰማም። ያ ዝምታ ነው ውጤቱ። እኔ ዝምታውን አይቼ «ድኗል» አልኩ። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፤ ይለወጥ፣ ይቀነስ፣ ይቁም የሚለውን ያዘዘው ሐኪም ይበል።

መዝገቡ

የእድሩ መዝገብ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው። ከመጋቢት 2015 በፊት ያሉት ገጾች እንደ ታተመ መጽሐፍ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደላቸው ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩም ያዘቀዝቃል። አባላቱ «ሌላ ጸሐፊ እንምረጥና ይረፉ» ቢሉት «ገና እጅ አለኝ» አለ። እኔ ልጻፍልህ ስለውም አይፈቅድልኝም። ቀስ ብሎ ይጽፋል። በፊት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት መዋጮ አሁን እሁድ ጠዋቱን በሙሉ ይፈጃል።

አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኬ ይጮሃል፤ የትም ብሆን እደውልለታለሁ። «ዋጥክ?» እለዋለሁ። «ጡሩንባውን ቀምቻለሁ!» ይለኛል። ይስቃል። ራቱም ብዙ ጊዜ ጎመን ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን የኪኒን ፌስታል ክፈቱ። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደታዘዘ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ። «ደም ማቅጠኛ ነው» የሚለው መልስ አይብቃችሁ።

ቸር እንሰንብት!